አባ ዱቄት ይነዳል

አማርኛ ሰውን ያለ ክብሪት የሚያነድ ቋንቋ ነው። ሰው ሲናደድ «ነደድኩ» ይላል። ትንሽ ሲጀምረው «ጨስኩ»፣ ሲጠናበት «ጦፍኩ»፣ ሲከፋው «አንጀቴ አረረ»፣ ሲብስበት «ከሰልኩ» ይላል። ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ ተነሥቶ ምሳውን ይበላል። የእሳት አደጋ መኪና የጠራለት ሰው የለም። እንዲህ በየቀኑ እየነደደ አመድ በማይሆን ሕዝብ መካከል ተወልጄ፣ የዕለት እንጀራዬ የሚነደውን ከማይነደው መለየት ሆኖ መቅረቱ ቢያስቃችሁ አይፈረድባችሁም።

ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጋራዦቹና ከመጋዘኖቹ መሃል፣ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ ማዕባዳ ውስጥ ነው የምሠራው። ማዕባዳ ላቦራቶሪ ነው፤ እዚህ አገር የሥራ ነገር ሁሉ የሚጠራው በዕብራይስጥ ስሙ ነው። ፋብሪካዎች ዱቄት ይልኩልናል። ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ጥቁር አለ። አንዳንዱ ሽታው ያስለቅሳል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያላወቀ ሰው ሽሮ መስሎት ውሃ ይጥድለታል። መርከብ ላይ ወይም መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ እሳት ይዞት ይሄዳል? ወይስ ከዚያም የባሰ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ይግላል?

ይህንን ለዘመድ ማስረዳት ግን ሌላ ፈተና ነው። አንድ ጊዜ አክስቴ እማማ አዛለች በቤተ ዘመድ የዋትሳፕ ቡድን ላይ «ለመሆኑ ማሩ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብለው አስጻፉ። እኔ ስለ ራሴ መጻፍ አልወድም። ልጄ ስልኬን ነጠቀችኝ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛን የምትጽፈው በጨለማ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ነው። «አባ ዱቄት ይነዳል» ብላ ላከች። «ያነዳል» ማለቷ ነበር። ፊደላችን ብዙ ጸጋ አለው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን ለይቶ አይጽፍም። አጥብቆ ያነበበ እሳት ያያል፤ አላልቶ ያነበበ የመኪና መሪ ያያል። ቂርያት መናሔም ሰፈር ያለው ዘመዴ በሙሉ አላልቶ አነበበ። ወዲያው የእማማ አዛለች ድምፅ መጣ፤ «እሰይ የኔ ልጅ! መኪናው ስንት ኩንታል ይጭናል? ከወደብ ጤፍም ታመጣለህ?»

አላረምኩም። እኔ የማረም ሰው አይደለሁም። እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ «ሾፌሩ መጣ» ይሉኛል። በአውቶቡስ ነው የመጣሁት ስላቸው ይስቃሉ፤ ሰው ላለመሸኘት ነው ይላሉ።

ፈተናው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለዓይን ደስ ይላል። ዱቄቱን እንደ ረጅም ጠባብ መደብ በድንጋይ ላይ ታፈሱታላችሁ፣ በአንዱ ጫፍ እሳት ታስነኩታላችሁ፣ ከዚያ ማየት ነው። የሚሮጥ አለ፤ የሚያዘግም አለ፤ «ተዉኝ» ብሎ የሚጠፋም አለ። ሁለተኛው እሳት የሚባል ነገር የለውም። ዱቄቱን ከወንፊት ሽቦ በተሠራች ቅርጫት ውስጥ ትሞሉና መሃሉ ላይ የሙቀት መለኪያ ሰክታችሁ ምድጃ ውስጥ ታሳድሩታላችሁ። ደጉ ዱቄት ከምድጃው ጋር ይሞቅና እዚያ ላይ ይቆማል። ክፉው አይቆምም። ምድጃውን አልፎ በራሱ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ላዩ እንደነበረ ሆኖ መሃሉ ፍም ይሆናል። የመጀመሪያው ፈተና ለነገረኛ፣ ሁለተኛው ለዝምተኛ የተሠራ ይመስለኛል። እኔ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ይግል እንደሆነ ግን የለካው ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ነገሩ ሁሉ ክምሩ ላይ ነው። ያው ዱቄት በትንሽ ቅርጫት ሲሆን ሙቀቱን ለአየሩ እየሰጠ ሰላም ያድራል። በትልቅ ቅርጫት ሲሆን መሃል ያለው ሙቀት መውጫ ያጣል። ይህንን ያዙልኝ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ደወሉልኝ። ጋሽ ወርቁ «ኢትዮጵያ መንገድ» ከሚባለው ጎዳና ወረድ ብሎ፣ ከድንጋይ አጥር ጀርባ፣ አንድ ጓሮ ውስጥ የእንጨት ሥራ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። የቅዱሳን ሥዕል የሚኖርበት ባለ በር ሳጥን ይሠራሉ፣ መቋሚያ ይጠርባሉ፣ የተሰበረ ወንበር ያድናሉ። እሳቸው ከጎንደር ወገን የመጡ ክርስቲያን፣ እኔ ከዚያው ወገን የመጣሁ ቤተ እስራኤል ነን። አገር ቤት ቢሆን በአንድ ማዕድ ባልተቀመጥን። እዚህ ግን በአማርኛ ቀልድ የሚስቅ ሰው እንደ ልብ አይገኝምና እንፈላለጋለን።

«ማሩ! አንተ የእሳት ሰው አይደለህ? ና ቶሎ፣ ተክሌ አቃጠለኝ!» አሉ።

ተክሌ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው። «ተክሌ አቃጠለኝ» የሚሉት ደግሞ ዝናብ ሲዘንብም፣ መዶሻ ሲጠፋም ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ለካስ የዛሬው እውነት ኖሯል። የሥራ ቤቱ አንድ ጥግ ጠቁሯል። አንድ ካርቶን ግማሹ አመድ ሆኗል። ካርቶኑ አጠገብ የቆመው አዲስ የሥዕል ሳጥን አንድ በሩ ከሰል መስሏል። ወለሉ ውሃ ነው። በዚያ ውሃ መሃል ሁለት ሰዎች ይጨሳሉ፤ ይህኛው በአማርኛው።

ተክሌ ከሁመራ በኩል የመጣ፣ አርባን የዘለለ፣ ሲጋራ ከከንፈሩ የማይለይ ሰው ነው። ቀን እንጨት ይልጋል፣ ዘይት ይቀባል፤ ማታ ከሥራ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ያድራል። የመኖሪያ ወረቀቱ እየታደሰ የሚሄድ ነው። ፖሊስ በሩ ላይ ከቆመ በኋላ ይታደሳል ብሎ የሚያምን ሰው የለም፤ ከሁሉ በፊት ተክሌ አያምንም። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

«ሲጋራህን ጥለህበት ነው!» ይላሉ።

«ጋሽ ወርቁ፣ በእግዜር፣ እኔ እዚህ ውስጥ አጭሼ አላውቅም። ጭሱ ቀስቅሶኝ ውሃ የደፋሁትስ እኔ አይደለሁም?»

«እሱ አይደል የገረመኝ! እሳቱ የት እንዳለ አንተ ብቻ እንዴት አወቅህ?»

ካርቶኑ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቅሁ።

«ጨርቅ ነዋ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ሐሙስ ሙሉ ቀን ሳጥኑን ዘይት ስንቀባ የዋልንበት።»

«የምን ዘይት?»

«የተልባ። ከተልባ ሌላ ለእንጨት ምን ያምርበታል?»

«ካርቶኑ ውስጥ የከተተውስ ማነው?»

«እኔ ነኛ! ይሄማ ዘይት የነካውን ጨርቅ ሁሉ በየምስማሩ እየሰቀለ ቤቱን የልብስ ማስጫ አድርጎታል። ሰበሰብኩ፣ ጠቅጥቄ ከተትኩ፣ ከደንኩ። ሥርዓት ነው!»

ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ የሚባለው ለፍሬው ነው። ዘይቱ ሌላ ጠባይ አለው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ አየር ይበላል፤ አየር ሲበላ ይሞቃል። ምስማር ላይ የተሰቀለ ጨርቅ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል። ተጠቅጥቆ የተከደነ ጨርቅ ለማን ይስጥ? ለራሱ ይሰጣል። የተክሌ ዝርክርክነት ቤቱን ስንት ጊዜ ጠብቆታል፤ የጋሽ ወርቁ ሥርዓት በአንድ ማታ ሊያጠፋው ነበር።

«ጋሽ ወርቁ፣ ማንም አላቃጠለም። ጨርቁ ራሱ ነው የነደደው» አልኩ።

ሰካራም እንደሚታይ አዩኝ። «ክብሪቱን ማን ሰጠው?»

አስረዳሁ። በዕብራይስጥ የተማርኩትን ነገር በአማርኛ ማስረዳት ጠጠር እንደ ማኘክ ነው። ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና «እሳት ያለ ሰው እጅ አይነሣም» አሉ።

«እንግዲያው ሳላሳይዎት ለማንም አይደውሉ። ግን ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሰንበቴ ልትገባ ነው። ከሰንበት በኋላ ልምጣ።»

«ከሰንበትህ በኋላ እሑድ ነው። የኔ ሰንበትስ?»

«ሰኞ ይሁና።»

እንዲህ ሆኖ የተክሌ ፍርድ ለሁለት ሰንበቶች ተቀጠረ። ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ አንድ አጫሽ ሲያሳድር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ተክሌ ግን ያን ያህል አልተጽናናም። ሻንጣውን አሰረና በሩ ሥር አቆመው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኋት። ማሪና ትባላለች፤ ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት፤ ምንም ነገር አያስደነግጣትም።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ጨርቅ ላነድ።»

«ክብሪት ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«ጥሩ» አለችና ረጅም ሽቦ ያለው የሙቀት መለኪያ ሰጠችኝ። «ውሃ በባልዲ አጠገብህ ይኑር።»

ጓሮው ውስጥ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አገኘሁ። ጋሽ ወርቁ ጨርቅ እንዲሰጡኝ ስጠይቅ ሁለት ቁራጭ ይዘው መጡ። መሃረብ ያክላሉ።

«ይህ ትንሽ ነው» አልኩ።

«ጨርቅ ከሰማይ አይወርድም! ደሞስ የሚነድ ከሆነ ትንሹም ይነዳል።»

ሽማግሌ ናቸው፣ ቤቱም የእሳቸው ነው፤ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ያሳደገኝ ልማድ ነው። ሁለቱን ቁራጭ ዘይት ነክረን ቆርቆሮው ውስጥ አኖርናቸው። ተቀመጥን። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ወጣች፣ ቀትር ሆነ። መለኪያው የጓሮውን ሙቀት እንጂ ሌላ የሚናገረው አልነበረውም።

ጋሽ ወርቁ ጉልበታቸውን መታ አድርገው ተነሡ። «ይኸው! ተክሌ ስላልደረሰበት አልነደደም።»

ተክሌም ተነሣ። ሻንጣውን አነሣ። ሰው ሻንጣውን ያለ ጭቅጭቅ ሲያነሣ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ያነሣ ሰው ነው እንደዚያ የሚያነሣው።

«ተክሌ፣ ቁጭ በል» አልኩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወርቁ ዞርኩ። «ሐሙስ ማታ የከተቱትን ያህል ያምጡ። የሚከቱትም እርስዎ ይሁኑ። ልክ እንደ ሐሙሱ።»

ድምፄ ትንሽ ሳይወጣ አልቀረም። ጋሽ ወርቁ አንድ ጊዜ አይተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ፤ እንደ ጥርስ ነቃይ ደንበኛ ፊታቸውን አጨማደው አንድ እቅፍ ጨርቅ አመጡ። ዘይት ነከሩት። ከዚያ ግን የሥርዓት ነገር ሆነና ኀዘናቸውን ረሱት። አንዱን በአንዱ ላይ ደረቡ፣ በጡጫ ጠቀጠቁ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፉ፣ ክዳኑን ገጠሙ። እንደዚያ በፍቅር የታሸገ እሳት አላየሁም።

ሽቦውን በክዳኑ ሥር አሾልኬ መሃሉ ላይ ሰካሁ። ቆርቆሮውን ፀሐዩ ላይ ተውነው። ጋሽ ወርቁ ወንበራቸውን በቆርቆሮውና በተክሌ መካከል አስቀመጡ። ማንም በዚያ አያልፍም። ተክሌ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«እሳት ያለ ሰው እጅ አይነሣም» አሉ ጋሽ ወርቁ እንደገና፣ ለራሳቸው።

ይህችን አነጋገር አውቃታለሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይስላል። ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። አንድ ዓመት የአንድ ባለ መሬት የድርቆሽ ክምር በሌሊት ነደደ። መንደሩ ተሰበሰበና እሳት ያለ ሰው እጅ አይነሣም አለ። እሳት በእጁ ያለ ሰው ማነው? ቀጥቃጩ። በዚያ ላይ ቀን ማረሻቸውን ሠርተንላቸው ማታ ጅብ እንሆናለን የሚሉን ሰዎች ነበርን፤ ምስክር አላስፈለገም። በነጋታው መንገድ ላይ ነበርን፤ ከኋላችን በዱላ። ድርቆሹ ነደደ፣ እኛ ተነዳን። ልጄ አልተሳሳተችም፤ ሁለቱም «ይነዳል» ተብለው ነው የሚጻፉት።

አባቴ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ «ወናፉን አጥብቀህ ነፍተኸው ነበር እንዴ?» አለኝ። «አይ» አልኩ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ሆድ ይፍጀው አለ። ፈጀውም። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ሱዳኑን፣ በረሃውን፣ ሌሎች ተርከውታል፤ እኔ አልደግመውም።

ማዕባዳ በገባሁ ሰሞን ማሪና ሁለተኛውን ፈተና ስታስረዳን፣ «ለምሳሌ በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ» አለች። እንደ ተራ ነገር አለችው። ከዚያ ወደ ሌላ ምሳሌ አለፈች። እኔ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ዱቄት ዓይኔ ገባ አልኳት። ገና የተከፈተ ዱቄት አልነበረም። አባቴም ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

በቃ። ወደ ቆርቆሮው እንመለስ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የከረመ ዘይት ሽታ። ቀጥሎ መለኪያው መውጣት ጀመረ።

«ፀሐይ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ቆርቆሮውን ወደ ጥላ አዞርኩት። መለኪያው አልሰማም፤ ወጣ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጥሩን አዩ። እጃቸውን ወደ ቆርቆሮው አቅርበው ቶሎ ሰበሰቡት። ከዚያ በክዳኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ሰማያዊ፣ የሚያፍር የሚመስል ጭስ። ሽማግሌው ተነሥተው ቆርቆሮውን ዞሩት። ሥሩን አዩ። ሰማዩን አዩ። ተክሌን አዩ። ተክሌ አልተነቃነቀም።

«ማንም አልነካውም» አልኩ።

«ማንም አልነካውም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ደንገጥ ብለው፣ «የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ እኮ!»

ተክሌ ይህችን እንዴት ይለፋት! «ጋሽ ወርቁ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩን። ሲጋራ ይዘው ነበር እንዴ?»

ሳቅ ቀድሞ ያመለጠው እኔን ነው። ከዚያ ተክሌን። ጋሽ ወርቁ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ከአፋቸው የወጣው ሳቅ ሆነ። ባልዲውን እየሳቅን ደፋንበት፤ ቆርቆሮው እንደ እባብ ጮኸ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ዞር ብሎ ይመጣል እንጂ። ጋሽ ወርቁም ዞር ብለው መጡ፤ ከኪዮስኩ አንድ ፓኮ ሲጋራ ይዘው። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተክሌ ፊት አኖሩት። «ውጭ ነው የምታጨሰው» አሉ። ከዚያ ሻንጣውን በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ይሄንንም ከበሩ ሥር አንሣልኝ፤ ሰው ያደናቅፋል።»

ተክሌ ሻንጣውን ወደ ክፍሉ መለሰ። ልሄድ ስነሣ ሁለቱ የቀሩትን ጨርቆች አንድ በአንድ በየምስማሩ እየሰቀሉ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ አሁንም «ያ ጠማማ ነው፣ አቅናው» ይላሉ።

በኋላ ጋሽ ወርቁ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኙኝ። ጠባቧን መንገድ በአጥሩ ጥግ ጥግ ወጣን።

«ማሩ፣ ድርቆሽም እንዲህ ያደርጋል?» አሉ።

«ሳይደርቅ ከተከመረ ያደርጋል።»

ጥቂት ሄድን።

«በልጅነቴ የአጎቴ ድርቆሽ ነዶ ነበር። ያ ዓመት ጥቅምት ላይ ዝናብ ጥሎ... ቸኩለው ከመሩት መሰለኝ።» ቆሙ። «ቀጥቃጩ ነው ብለው...»

የአገሩን ስም ጠየቅኸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጠየቅሁም። እሳቸውም የእኔን አልጠየቁኝም። አገራችን ሰፊ ነው፤ ድርቆሽ በየመንደሩ ይከመራል፣ ቀጥቃጭም በየመንደሩ ነበረ።

«ያ ሰውዬ የት ደርሶ ይሆን?» አሉ፣ መንገዱን እያዩ።

«መቼም አንድ ቦታ ደርሷል» አልኩ።

አውቶቡሱ መጣ። እጄን ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ጨበጡኝና መንገዱን ተመልሰው ወረዱ።

ገና መቀመጫ እንዳገኘሁ ስልኬ ጮኸ። እማማ አዛለች ናቸው። እማማ አዛለች የአባቴ እህት ናቸው፤ በዱላ የተነዳን ቀን ከፊቴ ይሄዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«እህ፣ ዛሬ የት የት ነዳህ የኔ ልጅ?»

ሌላ ጊዜ «እዚሁ» ብዬ እዘጋው ነበር።

«እማማ፣ ያ የድርቆሹ ነገር ትዝ ይልዎታል?»

«ሆድ ይፍጀው ብለነው አልነበር?» አሉ በትንሽ ድምፅ።

«ብለነው ነበር። አሁን ትንሽ ትንሽ እያልን እናውጣው። ትንሽ ክምር አይነድም።»

አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ጮኸ።

«ምን አልከኝ? አይነዳም? ወይ ጉዴ፣ መኪናው ቆመብህ እንዴ?»

«አልቆመም እማማ። ዛሬ የሚነዳው ሌላ ሰው ነው» አልኩና፣ ከጥቅምቱ ዝናብ ጀመርኩላቸው።